ከወጨጫ የሚመጡት ፖስታዎች

ሰበታ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማሪቱ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እማማስ ደኅና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽን ሾፌሩ ኡበይድ ትናንት ከሚኒባሱ ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። «ሴትዮዋ መልሱን ዛሬውኑ ነው የምፈልገው ብላለች» አለኝ። ከአንቺ መሆኑን ለማወቅ ፖስታውን መክፈት አላስፈለገኝም።

ሦስታችን አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ደብዳቤ ተጻጽፈን አናውቅም። ተድላና እኔ ከጫካ ናሙና እንለቅማለን፣ አንቺ በማይክሮስኮፕ አይተሽ ስሙን ታወጪለታለሽ፣ የቀረውን በስልክ እንጨቃጨቃለን። አሁን ግን ሐኪሙ ተኝተሽ ውለጂ ካለሽ፣ እማማም ስልክሽን ከወሰዱብሽ ምን ይደረግ። በስልኩ ነገር እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ደም ግፊት ላለበት ሰው ፌስቡክ ምን ይጠቅመዋል? ሁለት ጊዜ ያጣሽውን እናውቃለን። ይህንን በሰላም እስክትገላገዪ ድረስ ዓለም ቢገለበጥ አይመለከትሽም።

«ተድላ ራሱ ለምን አልጻፈልኝም?» ላልሽው፣ ባልሽ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። የደን ጠባቂውን ኦቦ ኢቲቻን ታውቂያቸው የለ? እሳቸው ጎጆ ነው የሰፈረው። ዝናቡ ሳይብስ አሮጌዎቹን ኮሶዎች ማዳረስ አለብን። እዚያ ኔትወርክ የለም። ወረቀቱም እየራሰ አስቸግሯል። እስክሪብቶውም ቢሆን በብርድ አይጽፍም። ምግብ ይበላል፣ ብርድ ልብስም አለው። ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሻል።

ከዚህ ጋር በላክሁት ካርቶን ውስጥ ባሉት ፖስታዎች ላይ ያለው ጽሑፍ የእሱ ነው። ከላይ ያለው ከጥቁር እንጨት ቅርፊት የተነሳው የዛፍ ሽበት ነው፣ ያ አመድ የተነፋበት የሚመስለው። ከሥር ደግሞ ከወይራ የተገኘ እንጉዳይ አለ። ጋደም ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ እያቸው።

አክመል


ሱሉልታ፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክመል፤

እንዴት ከርመሃል? በጽሑፍ ይህን ያህል ወሬኛ መሆንህን አላውቅም ነበር። በስልክ «እሺ» እና «አይ» ብቻ የምትል ሰው፣ ስለ ተድላ ብርድ ልብስ ሳይቀር ተረክህልኝ። ይመስገን፣ እኔ ደኅና ነኝ። ልጁም ይራገጣል። ሐኪሙ ከቀኝ ጎን ወደ ግራ ጎን መገልበጥን ብቻ ነው የፈቀደልኝ።

አልጋዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነ የግቢው በር ፊት ለፊት ይታየኛል። ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ በመንገዱ ያልፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጉሙን ነው የማየው። ማይክሮስኮፑን ጣውላ ላይ አድርጌ ከጎኔ አስቀምጫለሁ። እማዬ ዕቃው ጽንሱን የሚያይብኝ ይመስላታል መሰለኝ፣ በገባች ቁጥር ሻሽ ታለብሰዋለች።

አሁን ወደ ሥራችን። ፖስታዎቹን ከፈትኳቸው። ሽበቱ ክው ብሎ ደርቋል። በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ነፍሳትም ሞተው እንደ ሰሊጥ ይራገፋሉ። ተድላ የሚልከው እንደዚህ ሆኖ አያውቅም። የእሱ ፖስታ ሲከፈት ገና የሚሄድ ነገር ይወጣል፣ እማዬም ትጮሃለች። እነዚህ ከፋሲካ በፊት የተለቀሙ ናቸው ብል አልሳሳትም። ለምንድን ነው የቆየ የምትልኩልኝ? አትዋሸኝ፣ አትችልበትም።

አንድ ነገር ልንገርህና ሳቅብኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ፖስታውን እንደከፈትኩ፣ የጃኬቱ ሽታ መጣ። ያ የራሰ ቅርፊትና የላብ ሽታ። ወዲያው ከግቢው በር በኩል ሲያስል ሰማሁት። ልክ የእሱ ሳል፣ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ። «ግባ፣ ክፍት ነው» ብዬ ተጣራሁ። ጓዳ ውስጥ እማዬ ሳህን ጣለች። በሩ ላይ ግን ማንም አልነበረም።

በጭቃም ቢሆን፣ በከሰልም ቢሆን፣ አንድ ቃል ጽፎ ይላክልኝ በለው።

ማሪቱ


ቡራዩ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማሪቱ፤

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቡራዩ ለአንድ ጉዳይ ወርጄ ነበር፣ ይኸው እስካሁንም አለሁ። የተድላ አባት ትንሽ አሟቸው ስለነበር ቤታቸው ሰው ይበዛል፣ እኔም ወንበር በማቀባበል እያገዝኳቸው ነው። ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም። አሁን ይቀመጣሉ፣ ሾርባም ይቀምሳሉ። እህቴ መብሩካ ሱቋን ለሠራተኛዋ ትታ እዚሁ ነው የምትውለው። ሰላም ትልሻለች።

ኡበይድ «አክመል ከስቷል» ብሎሽ ጨንቆሽ በቃል ጠይቀሽኛል። የከሳሁት በእግር ስለምሄድ ነው። ስለ ነፍሳቱ ያልሽው ደግሞ እውነት ነው፣ ፖስታዎቹ የቆዩ ነበሩ። በክረምት ትኩሱን ብንልከው ይሻግታል ብለን የደረቀውን ቀድመን ላክን። ልነግርሽ ይገባ ነበር።

አሁን የላክሁት የዚህ ሳምንት ነው። እማማ እንዳይጮሁ አስጠንቅቂያቸው። መለያው ላይ ያለው ጽሑፍ የእኔ ነው። ተድላ ከላይ ይለቅማል፣ ኦቦ ኢቲቻ ያወርዱታል፣ እኔ ከታች ተቀብዬ እጽፋለሁ። እንዲህ ሲሆን ሥራው ይፈጥናል።

አንድ ቃል ይላክልኝ ያልሽውን ነግሬዋለሁ። ሰምቷል።

በሩ ላይ ሰማሁት ስላልሽው ሳል፣ በክረምት ሱሉልታ ውስጥ የማያስል ማን አለ? አልሳቅሁብሽም ግን።

አክመል


ሱሉልታ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክመል፤

ሰላምታህ ደርሶኛል። ለአባባ ምሕረቱን ያውርድላቸው። የሰው መብዛት ያልከው ገርሞኛል፤ ለትንሽ ሕመም ጎረቤት ወንበር አይዋዋስም።

እኛም ቤት ሰው በዝቷል። እኔን ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ይገቡና ግድግዳው ሥር ይደረደራሉ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው ይዘጉታል። ከመስኮቴ ምን እንዳየሁ ልንገርህ? ሴቶቹ ከመንገዱ ሲመጡ ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቀውታል። የግቢያችን በር ላይ ሲደርሱ ይቆሙና አንዷ የሌላዋን እያየች ያቃኑታል። ከዚያ ፈገግ ብለው ይገባሉ። ሲወጡ እዚያው በር ላይ መልሰው ያዘቀዝቁታል። እማዬን ጠየቅኳት። «ጎረቤት ለቅሶ አለ» አለች። የማን እንደሆነ ስጠይቃት ሽንኩርት ልግዛ ብላ ወጣች።

ወደ ፖስታዎችህ ልመለስ። ትኩስ ናቸው፣ እውነት ነው። አንዲት ጥንዚዛ አንሶላዬ ላይ ወጥታ ስትዞር ውላለች። ግን ቁርጡን አየሁት። ተድላ ግራኝ ነው። ቢላውን ቅርፊቱ ውስጥ የሚሰደው ሁልጊዜ በአንድ ጎን ነው፣ ጠርዙ ወዴት እንደሚያዘነብል ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀዋለሁ። የእነዚህ ሁሉ በተቃራኒው ነው ያዘነበለው። አንተ ነህ የቆረጥካቸው። ተድላ በሌላ ሰው ቢላ የተነሳ ናሙና በራሱ ስም ልኮ አያውቅም፣ መቁረጡን ለእኔም ቢሆን አይሰጠኝም።

አልጣላህም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። የልጁን ስም ማን እንበለው? ሴት ብትሆንስ? ይህን ለመመለስ ወረቀትም እስክሪብቶም አያስፈልገውም፣ ላንተ ይንገርህና አንተ ጻፍልኝ።

ማሪቱ


ሰበታ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማሪቱ፤

እንዴት ነሽ? ግፊቱ ወርዷል ማለትሽን ከኡበይድ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ይህን መልስ ሦስቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፣ ስለዚህ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ።

ተድላ የግራ እጁን እሾህ ወግቶት ነው። ቁስሉ ትንሽ ስላበጠ እኔ ቆረጥኩለት። እሱ እያሳየኝ፣ «እዚህ ጋ፣ እዚያ ጋ» እያለኝ። ስለ ነጠላው ደግሞ እማማ እንዳሉሽ ነው። ሰበታም ክረምቱ ከገባ ለቅሶ በዝቷል።

ስለ ስሙ፣ «እሷ የወደደችውን» አለ።

ይህን ብቻ ጽፌ ልዘጋው ነበር። ግን አንድ ነገር አለ፣ የምነግረው ሰው የለኝም። ጉም ሲወርድ እንዴት እንደምንሠራ ታውቂያለሽ። በስም አንጠራራም፣ አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ይመልሳል፣ እንዲያ እያደረግን እንገናኛለን። ማክሰኞ ዕለት ላይኛው ወንዝ አጠገብ ሆኜ ሳለሁ ጉሙ ወረደና ዛፎቹን ሁሉ ዋጣቸው። ሳላስበው፣ እንደ ልማዴ፣ አፏጨሁ። መልስ መጣ። ከኮሶዎቹ በኩል፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው የእሱ ፉጨት ነው። እግሬ ወደዚያው ሄደ። ኦቦ ኢቲቻ ከኋላዬ ደርሰው ክንዴን ጨበጡኝ። «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በል። ጉም ውስጥ አንዴ ብቻ ለጠራህ አትመልስ። ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራሃል» አሉኝ። ቆመን ጠበቅን። አልደገመም። ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም። እርሺው።

ካርቶኑ ውስጥ አንድ መለያ የሌለው ፖስታ አለ። እኔ ጋ ላቆየው አልቻልኩም፣ ልጥለውም አልቻልኩም። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ባትከፍቺውም ግድ የለም።

አክመል


ሱሉልታ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ አክመል፤

ሰላም ነህ ወይ? በደንብ ብላ። መብሩካ የምታበስልልህን ሳትመልስ ብላ። ጫካ ብቻህን አትውጣ፣ ጉም ካለ ደግሞ ጨርሶ አትውጣ። ናሙና ሌላ ዓመትም አለ።

ፖስታውን ከፍቼዋለሁ። ከኮሶ ግንድ ሥር የሚወጣው ያ ወፍራም እንጉዳይ ነው፣ እንደ ጣውላ ተደራርቦ የሚወጣው። ከጀርባው የተያያዘው እንጨት ግን በቢላ የተቆረጠ አይደለም። ሲሰበር የተገነጠለ ነው። እንጨቱ በውስጡ ነጭና ለስላሳ ሆኗል፣ በጥፍሬ ስነካው ይፈረፈራል። ከውጭ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ቅርፊቱ ደኅና፣ ልቡ ግን የተበላ ዛፍ። አንተና እኔ እንዲህ ያለ እንጉዳይ ከሥሩ ያወጣ ዛፍ ላይ ሰው እንደማይወጣበት እናውቃለን። እሱም ያውቅ ነበር። ከላይ ቅርንጫፉ ላይ የሚያምር ሽበት አይቶ ይሆናል። የሚያምር ነገር ሲያይ ወደ ታች አያይም።

ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅህም። ግፊቴ እንዲወርድ የተባልኩትን ሁሉ አደርጋለሁ፣ መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ እማዬ ስትቀልድ እስቃለሁ። ይህን ልጅ እወልደዋለሁ። ሆድ ይፍጀው ይባል የለ፣ የእኔ ሆድ ደግሞ አሁን ሌላም የሚይዘው አለው።

አንድ ነገር አድርግልኝ። ከዚህ በታች ያለውን ለተድላ አንብብለት። ያለበት ድረስ ሂድና ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት።

ተድላ፣ ልጁ ደኅና ነው። በሄድክበት ቀን ጠዋት ስለ ጃኬቱ የተናገርኩህን አትያዝብኝ፣ ይሸታል ያልኩት እስኪታጠብ እንድትቆይ ብዬ ነው። ለፖስታዎችህ ሁሉ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፣ አንዱ ብቻ ነው ያልታወቀኝ። በርዶህ እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ስለዚህ እንዳልበረደህ አድርጌ ነው የማስበው። አልተቆጣሁህም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

ማሪቱ


ቡራዩ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማሪቱ፤

አነበብኩለት።

ከመብሩካ ጋር ሄድን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቡራዩ ያለበት ቦታ ሣር አብቅሏል፣ አባቱ ዙሪያውን በድንጋይ አስከብበውታል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። «ትንሽ ተቆጥቻለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ለመብሩካ ሰጠኋትና እሷ ጨረሰችልኝ። አላቋረጠንም።

ሽማግሌዎቹ አስምለውኛል። አንድ ቃል ካወጣህ የሁለት ሰው ነፍስ በእጅህ ነው ብለውኛል። እኔ ጫካ ገብቼ ሽበት መልቀም እንጂ ሌላ የማውቀው ነገር የለም፣ ይህንን አላውቅበትም ነበር። ስለዚህ አንቺም እንዳልጠየቅሽኝ፣ እኔም እንዳልመለስኩ ይሁን። ይህን ወረቀት አቃጥዪው።

ስሙን ጠይቀሽኝ «እሷ የወደደችውን» ያልኩት ከእኔ ነው። ከእሱ አስመስዬ ከተናገርኩት ሁሉ ያ ነው የሚከብደኝ።

በሰላም ተገላገዪልን።

አክመል


ሱሉልታ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክመል፤

እንኳን ደስ አለህ። ሴት ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ጩኸቷ የትልቅ ሰው ነው። ሐኪሙ እሷም እኔም ደኅና ነን ብሎ ከትናንት ወዲያ ለቀቀን። አሁን ያው አልጋ ላይ፣ ያው መስኮት ሥር ነኝ፤ ልዩነቱ ሁለት መሆናችን ነው።

ከእሱ አስመስለህ የተናገርከው አይክበድህ። ስጠይቅህ ስለምን እንደጠየቅኩ አውቅ ነበር። ላጠምድህ አልነበረም። የፈጠራም ብትሆን አንዲት ቃል ከእሱ በኩል ፈልጌ ነው፣ አንተም ሰጠኸኝ። ስሟን ግን አላወጣሁም። እማዬ በየቀኑ ትጨቀጭቀኛለች። ቤቱ ሳያለቅስ ስም አይወጣም፤ ይህን ግን ለእሷ ልላት አልችልም።

ትናንት ምን እንደሰማሁ ልጻፍልህ። እማዬ ጓዳ ውስጥ ከአጎቴ ጋር እየተማከሩ ነበር። እስከ ክርስትናዋ ድረስ አንነግራትም አሉ። የሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው። እስከዚያ ሁሉ ጎረቤቱ በሬ ላይ ነጠላውን እያቃና ሊገባ ነው፣ እማዬም ጥቁር ቀሚሷን በቢጫ ሹራብ ሸፍና ልታጫውተኝ ነው። እሱ «ጫካ ነው» እየተባለ ልጁ ተወልዳ ያልመጣ ባል ሊሆን ነው። ትናንት አንዲት ጎረቤት «ምነው ወንድ ልጅ ፈልጎ ነው የቀረው?» ብላ ልትቀልድ ሞከረች። ሁላቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ይህ ነገር ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ስሙን እንዲህ ሲያደርጉት መስማት አልችልም።

ራሴ ልናገር አስቤ ነበር። «አውቃለሁ እማዬ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን ይህች ሴት ከሰኔ ጀምሮ ልጇን ለማትረፍ ብላ ያለፈችው አለ። ሳህን ሰብራ ስቃለች፣ ስልኬን ቀብራ እንደ ክፉ ሰው ስሰድባት ዝም ብላለች። አማቿን ቀብራ በዚያው ቀን አጥሚት ሠርታ አጠጥታኛለች። ያንን ሁሉ ጊዜ አውቅ እንደነበር ከሰማች፣ እያንዳንዱ ሳቋ ተመልሶ ይወጋታል። እሷ አድናኛለች ብላ እንድታምን እፈልጋለሁ። ደግሞም አድናኛለች።

ማልቀስ ግን እፈልጋለሁ፣ አክመል። አንድም ቀን አላለቀስኩም። መርዶ ያልተረዳች ሴት በምን ታለቅሳለች? ልጂቱ ስትጠባ ደረቴ ላይ ድንጋይ እንደተጫነ ነው የሚሰማኝ፣ ወተቱም እየቀነሰ ነው። ሐኪሙ ብይ ጠጪ አለኝ። የቸገረኝ ግን ምግብ አይደለም።

ስለዚህ ኑና መርዶዬን ንገሩኝ። እንደ ሥርዓቱ፣ ጎሕ ሲቀድ። አባቱ ይምጡ፣ ኦቦ ኢቲቻ ከተቻላቸው ይምጡ፣ አንተና መብሩካም ኑ። ለእማዬ «ከክርስትናው በፊት ሌላ ሰው ቢያመልጠው ይብሳል ብለን ነው» በሏት፤ ለአባቱም እንደዚያው በላቸው። እኔ እንደጠራኋችሁ ማንም አይወቅ። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሁን። ውሻውን ከዋዜማው አስረዋለሁ፣ በሩንም ከውስጥ አልቀረቅረውም።

ስትገቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አባቱ «ልጄ» ካሉኝ ይበቃል። እንዳልሰማች ሴት እጮሃለሁ። ማስመሰል የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ልጂቱ ድንጉጥ ናት። ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው። መብሩካ ከሁላችሁ ቀድማ ትግባና፣ ገና ማንም ሳይናገር ከእጄ ትቀበለኝ።

ማሪቱ